በማይክ የተባለ

ያኤል ዘካርያስ አቤኔዘርን ከማየቷ በፊት ሰማችው። ሥራዋ መስማት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ አንድ ድርጅት ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነች። ከአዳራሹ ኋላ፣ ቁልፍ ከሞላበት ሰሌዳ ፊት፣ ጆሮዋን በማዳመጫ ሸፍና ትቀመጣለች። ተናጋሪዎቹ መድረክ ላይ አምረው ሲቆሙ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እሷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ ሲያስነጥሱ፣ ሲሳደቡ፣ ለሚስቶቻቸው ሲዋሹ ትሰማለች። ማይኩ ደረታቸው ላይ ከተሰካ በኋላ እንደሚሰማ ብዙዎቹ ይረሱታል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች መሆንን ከሥራው ጋር ተምራዋለች።

የዚያን ቀን ዌስትላንድስ አንድ ሆቴል ውስጥ የባንክ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ዋናው ተናጋሪ ፕሮግራሙ ላይ «ፊውቸሪስት» ተብሎ ነው የተጻፈው። ቴክኖሎጂ ነገ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ንግድ እንደሚሞት፣ የትኛው እንደሚተርፍ ለኩባንያዎች እየነገረ የሚኖር ሰው ማለት ነው። የሚገርም እንጀራ ነው መቼም፤ ሌላው የዛሬውን ሠርቶ ይበላል፣ እሱ የነገውን ተናግሮ።

ማይኩን የሰካለት ራጃ የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ ስለነበር ፊቱን አላየችውም። ተራው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ማዳመጫዋ ውስጥ ሹክሹክታ ሰማች። ያውም በአማርኛ።

«አላውቅም፣ አባቴ። አላውቅም። አንተ ታውቃለህ እንጂ እኔ አላውቅም።»

ማዳመጫዋን ወደ ጆሮዋ ጫን አደረገች። ወዲያው ስም ተጠራ፣ ተጨበጨበ፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ቀጭን ወጣት መድረኩ ላይ ወጣ። ቅንጣት ጥርጣሬ በሌለው ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ዓለም የዛሬ አሥር ዓመት ምን እንደምትመስል ነገራቸው። የባንኮቹ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ያኤል ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዱንም አልያዘችም፤ ልቧ ሹክሹክታው ላይ ቀርቶ ነበር። አንዳንዱ ሰው ላይ ፍቅር በዓይን ይገባል። እሷ ላይ በጆሮ ገባ፣ በሐዘኔታ በኩል።

ንግግሩ ሲያልቅ ማይኩን ልትቀበለው ራሷ ሄደች።

«ጸሎትህ ደረሰ» አለችው ገመዱን ከኮቱ ስትፈታ።

ክው አለ። «ምን አልሽ?»

«ማይኩ ክፍት ነበር። አትደንግጥ፣ ከእኔ ሌላ የሰማ የለም።»

«ሁሉንም ሰማሽ?»

«አላውቅም፣ አላውቅም ስትል ሰማሁህ። ከዚያ ወጥተህ ሁሉን ስታውቅ ዋልክ።»

ቀና ብሎ አያት። መድረክ ላይ ያልነበረ ድካም ዓይኖቹ ሥር ተቀምጧል። ከዚያ ሳቅ አመለጠው። «እንግዲህ አፍሽን ማስያዝ አለብኝ። ሻይ ልጋብዝሽ?»

«በሻይ ብቻ አፌ አይያዝም። የሚነከስ ማንዳዚ ጨምርበት።»

እንዲህ ነው የተጀመረው።

አቤኔዘር ገና ሕፃን ሳለ ነው ወላጆቹ በስደት ናይሮቢ ያመጡት። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ፣ ጨዋታውን በስዋሂሊ ተማረ። አማርኛውን ያገኘው ከእናቱ የማታ ጸሎትና ከአባቱ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ስለዚህ አማርኛው አንድም የእናት ጓዳ፣ አንድም የነቢያት ነው፤ መሐሉ የለም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ የሚቆምበት ስቴጅ ላይ ቆመው ሲጠብቁ «እነሆ፣ ማታቱው መጣ» ይላታል። ያኤል እስክታነባ ትስቃለች።

«ሰው እንዲህ አያወራም እኮ።»

«ታዲያ እንዴት ልበል?»

«መጣ በለው። በቃ፣ መጣ።»

«መጣ» ይላል እንደ ተማሪ። ከዚያ ፊቷን ያያል፣ እሷም የሱን፤ ማታቱው ሞልቶ ጥሏቸው ይሄዳል።

የሚያሳስበውን ለእሷ ብቻ ነበር የሚነግራት። «የሚከፍሉኝ እርግጠኛ እንድሆንላቸው ነው» አላት አንድ ቀን። «ወረቀቱን አነባለሁ፣ ጥናቱን አያለሁ፣ ከዚያ እገምታለሁ። ግምት ብዬ ባቀርበው ግን ማን ይጠራኛል? አንድ ቀን አንዱ ሰው አምኖኝ ይጎዳል ብዬ እፈራለሁ።»

«የባንክ ሰው በአንተ ቃል አይጎዳም፣ አይዞህ» አለችው። ቀልዳ ነበር።

የያኤል አባት ጋሽ ዘካርያስ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው። ሁለት ያረጁ መኪኖች ነበሩት፣ ኮፈናቸው ላይ ቀይ የተማሪ ምልክት የተለጠፈባቸው። ከኢትዮጵያም ከኤርትራም አዲስ የመጣ ስደተኛ መንጃ ፈቃድ ሲፈልግ ወደ እሱ ይላካል፤ በአማርኛ ስለሚያስተምር፣ ስለማይቆጣም። ሚስቱን ቀብሮ አንድ ልጁን ብቻውን ያሳደገው በዚያ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ነው። አሜን ካለ አሜን ነው፤ ወደኋላ የለም።

ሁርሊንግሃም ባለው የኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰበው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፁን የምትቆጣጠረውም ያኤል ናት፣ በነጻ። ፓስተር ወርቁ አቤኔዘርን ሲያውቀው ጊዜ አላጠፋም። «ለወጣቶቻችን ስለ ቴክኖሎጂ ንገርልን፣ ወንድሜ። እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ» አለው። አቤኔዘር በአማርኛ መድረክ ላይ ቆሞ አያውቅም ነበርና ፈራ። ያኤል ናት ያደፋፈረችው።

ያን እሑድ ቀርቦ አፉን ሲከፍት የወጣው አማርኛ የሚያውቀው አማርኛ ነው፤ የአባቱ።

«እነሆ፣ ዘመን ይመጣል» አለ። «መኪና ያለ ነጂ በጎዳና ላይ ይሄዳል። ነጂዎች መሪያቸውን ይተዋሉ፤ ልጆቻቸውም መሪ ምን እንደሆነ አያውቁም።»

ያኤል ከሰሌዳዋ ፊት ሆና ሳቋን ዋጠችው። ልቧ ደግሞ ሞቀ። ፍቅር ሰውን ልጅ ያደርጋል አይደል፤ ልትቀልድበትም ልታሳምረውም ብላ በጸሎት ሰዓት ብቻ የምትጠቀምበትን ማስተጋቢያ ከፈተችለት። የአቤኔዘር ድምፅ ወፍሮ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ አዳራሹን ሞላው። ሰዉ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። አንዲት እናት እልል አሉ። ከፊተኛው ረድፍ ጋሽ ዘካርያስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተነሣ።

«አሜን» አለ። «ተቀብያለሁ።»

ያኤል ያን ጊዜም ምንም አልጠረጠረችም። በማግስቱ ለረጅም ጉባኤ ወደ ሞምባሳ ሄደች።

ስትመለስ ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ባዶ ነበር። የፈሰሰ ዘይት ብቻ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ሮጣ ወጣች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አድርጎ የቲካን መንገድ ቁልቁል እያየ ነበር።

«አባዬ፣ መኪኖቹስ?»

«ሸጥኳቸው።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ እንዴ? አንቺም እኮ ነበርሽ።» ፊቱ የተረጋጋ ነው፣ ደስ ብሎታል እንኳ። «ጉልበቴ እያመመኝ፣ መንግሥት ሕግ እየቀያየረ፣ ልዝጋው ወይስ ልቀጥል እያልኩ ስጸልይ ከርሜ ነበር። ምልክት ስጠኝ ብዬዋለሁ። በዚያ ልጅ አፍ ተናገረኝ። ነጂዎች መሪያቸውን ይተዋሉ አለኝ፣ ተውኩ።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ነቢይ አይደለም። ሥራው ነው። ለባንክም እንዲሁ ነው የሚናገረው።»

«በበለዓም አህያ አፍስ ተናግሮ የለም? ሥራው ይሁን፣ አፉን የተጠቀመበትን እኔ አውቀዋለሁ።»

ያኤል ስለ ማስተጋቢያው ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን አልወጣላትም። ከዚያ ቀን በኋላም አልወጣላትም።

ወራት አለፉ። ተማሪዎች ይደውላሉ፣ «ዘመኑ አልፏል» ይላቸዋል። ሌላ ሰው መኪና ላውስህ ቢለው «ቃሉን መጠራጠር ይሆንብኛል» ብሎ እንቢ አለ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነጂ የሌለውን መኪና ይጠብቃል። ታች ማታቱዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ይጋፋሉ፤ እያንዳንዱን ሰው ነው የሚነዳው። ጋሽ ዘካርያስ እየከሳ፣ እየጠቆረ፣ ወሬው እያጠረ ሄደ። ተስፋ ቢቆርጥ ይሻል ነበር። አልቆረጠም፤ ያኤልን የገደላት እሱ ነው።

አቤኔዘር ሲሰማ ቁጭ አለ። «የፈራሁት ደረሰ» አለ። «ቤት ልምጣና ራሴ ልንገራቸው።»

መጣ። ጋሽ ዘካርያስ በሩ ላይ ቆሞ ነው የተቀበለው። በማስታጠቢያ እጁን አስታጠበው፤ ሽማግሌ ለወጣት የማያደርገውን። ዶሮ ተሠርቷል። ቤቱን እንዲባርክለት ለመነው። አቤኔዘር ቆሞ ጸለየ። ያኤል ማእድ ቤት በር ላይ ሆና አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያለች ጠበቀች።

«ጋሽ ዘካርያስ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«አውቀዋለሁ» አለ ጋሽ ዘካርያስ ፈገግ ብሎ። «ዓይናችሁን አይቻለሁ። ሽማግሌ ላክ። ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ ልጄ ናት፣ እንቢ ባልል እንኳ አንገራግር ነበር። ጌታ በአፉ ለተናገረበት ሰው ግን እጄን ዘርግቼ ነው የምሰጣት።»

አቤኔዘር ያኤልን አያት። ያኤል አየችው። የያዘው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ አንገቱን ደፋና «እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለ።

ያኤል ልትሸኘው አብራው ደረጃውን ወረደች።

«አልቻልኩም» አላት። «እጃቸውን ሲዘረጉ አልቻልኩም። ያኤል፣ ከተናገርኩ አጣሻለሁ።»

«ካልተናገርክስ? እኔ ነጭ ለብሼ፣ እሱ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሎ፣ አንተ በየዓመት በዓሉ እየባረክኸው?»

«ነገ ተመልሼ ብቻቸውን እነግራቸዋለሁ።»

«ብቻውን ብትነግረው ትሑት ነው ብሎ ይበልጥ ያምንሃል። አባቴን አታውቀውም።» እንዳይሰማባት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በማይክ የተባለ በማይክ ነው የሚመለሰው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? እሳቸውስ አይዋረዱም?»

«ይነሣል» አለች። «ከዚያ ወንበር ይነሣልኛል። ሌላ አልፈልግም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ያን ጊዜ ስለ አቤኔዘር ቃል ብቻ መስሏት ነበር።

እሑድ ደረሰ። ፓስተር ወርቁ «ጌታ የሚጠቀምበት ወንድማችን» ብሎ አስተዋወቀው። ያኤል ማዳመጫዋን አድርጋለች። ከመነሣቱ በፊት ያንኑ ሹክሹክታ ሰማች። «አላውቅም፣ አባቴ። አላውቅም።» ማስተጋቢያውን ዘግታ፣ ድምፁን ደረቅ አድርጋ፣ ማይኩን ከፈተችለት።

ወጣ። ሰዉ ገና ከአሁኑ አሜን ማለት ጀምሯል። እጁን አነሣና አስቆማቸው።

«ባለፈው እዚህ ቆሜ ስለ መኪና ተናግሬ ነበር» አለ። አማርኛው የተሰባበረ ነበር፣ ያኤል ያስተማረችው የመንገድ አማርኛ። «ያ ትንቢት አይደለም። ጌታ አልነገረኝም። ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት ነው። ሥራዬ መገመት ነው፣ ስገምት እርግጠኛ መምሰል ደግሞ ልማድ ሆኖብኛል። እዚህ ከተማ መኪና ያለ ሰው መቼ እንደሚሄድ አላውቅም። ስለ ነገ ከእናንተ የተለየ የማውቀው ነገር የለም። የምበላው እንደማውቅ ሆኜ ነው። አምኖኝ የተጎዳ ሰው እዚህ አለ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ። ጋሽ ዘካርያስ መኪኖቹን ለምን እንደሸጠ የማያውቅ አልነበረም፤ ራሱ ነው በየቤቱ የመሰከረው።

ጋሽ ዘካርያስ ተነሣ። ባርኔጣውን ከወንበሩ ሥር አነሣ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው፣ በመሐሉ መተላለፊያ ወጣ። በልጁ አጠገብ ሲያልፍ ቀና አላለም። ያኤል ማዳመጫዋን ጥላ ልትከተለው ስትል ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ጥግ ጥጉን ይዞ ሲሄድ ጀርባውን ብቻ አየችው።

ከወንበሩስ ተነሣ። በሳምንቱ ሩይሩ አካባቢ ያለ የሌላ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀጠረ። ማለዳ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፣ የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ «ክላቹን ቀስ» እያለ ይውላል። በላ፣ ተኛ፣ ደመወዝ ተቀበለ። ወደ ሁርሊንግሃም ግን ተመልሶ አልሄደም። ልጆች «የመኪናው ሽማግሌ» እያሉ እንደሚጠሩት ደርሶበታል።

«አባዬ፣ ይቅር አትለውም?» አለችው አንድ ምሽት።

«ይቅር ብዬዋለሁ። ልጁ እውነቱን ተናገረ፣ ምን አጠፋ?» ጫማውን እየፈታ ነበር። «ያልቻልኩት የሱን አይደለም። እጄን ዘርግቼ ቆሜ አሜን ያልኩትን ነው። እሱን ባየሁ ቁጥር ራሴን እንደዚያ ቆሜ አያለሁ። ልጄ ነሽ፣ አልከለክልሽም። ግን እሱ ባለበት ቤት ቀና ብዬ መቀመጥ አልችልም።»

ያን አሜን ያስነሣው ድምፅ በማን እጅ እንደወፈረ የምታውቀው ያኤል ብቻ ናት። ይህን ለአባቷ ነግራው አታውቅም። በዚያ ላይ በማይክ ካልሆነ ያለችውም እሷ ናት። አባቷን ሁለቴ ጥላዋለች። ሦስተኛ ጊዜ ለመጣል አቅም አልነበራትም።

አቤኔዘርም አልተረፈም። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ወጣት ንግግሩን ቀርጾ፣ እንግሊዝኛ ከሥሩ ጽፎ ለቀቀው፤ «ፊውቸሪስቱ አላውቅም አለ» እየተባለ ተዟዟረ። ሆቴሎቹ መጥራት ተዉ። ቢጠሩትም ያ የድሮ ድምፅ አልመለስ ብሎት ነበር። በመጨረሻ ከናይሮቢ ርቆ፣ ኪሱሙ ከተማ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የማስተማር ሥራ አገኘ።

ሊሄድ ሲል ካሳራኒ ስቴጅ ላይ ተገናኙ። ዝናብ ነበር። በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆሙ፣ ትከሻቸው እየተነካካ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ።

«ነይ ብልሽ ትመጫለሽ?» አላት።

ታች አስፋልቱን እያየች ቆየች። «አባዬ ትናንት ከሥራ ሲመጣ ያፏጭ ነበር» አለችው። «ደረጃው ላይ ሰማሁት። እናቴ ከሞተች ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም።»

«መልሱ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

አልለመናትም። ቢለምናት ትሄድ እንደነበር እስከ ዛሬ ታስባለች። እጇን ይዞ ብዙ ቆየ፤ መዳፉ ቀዝቅዞ ነበር።

«እንደገና እንገናኝ ይሆን ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«አልጠይቅህም።»

«ለምን?»

«መልስህን ሰምቼዋለሁ።»

ሊስቅ ሞከረ። ያኔ ማታቱው ውሃ እየረጨ ደረሰ።

«መጣ» አላት።

እነሆ አላለም። በትክክል ነው የተናገረው፣ እንዳስተማረችው። ያኤል የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ጋሽ ዘካርያስ አሁንም ያስተምራል። ያኤል አሁንም ሆቴሎቹ ውስጥ ከኋላ ትቀመጣለች። ስለ ነገ የሚናገሩ ሌሎች ሰዎች መጥተዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ስልክ ያወራሉ። የሚጸልይ አላጋጠማትም።

ሰው ከመግባቱ በፊት ማይኮቹን የምትሞክረው እሷ ናት። ባዶው መድረክ ላይ ትወጣና አንድ በአንድ እያነሣች ትናገርባቸዋለች። አማርኛ የማያውቀው ራጃ ከሰሌዳው ጋ ሆኖ ድምፁን ያስተካክላል። በቀደም ለት አንዱን ማይክ ስትሞክር ከታች ጠራት።

«ያኤል፣ ሁልጊዜ የምትዪው ያ ቃል ምንድን ነው? አላውቅም፣ አላውቅም የምትዪው?»

ያኤል ባዶዎቹን ወንበሮች አየች።

«አንድ፣ ሁለት ማለት ነው» አለችው፤ ወደሚቀጥለው ማይክ ሄደች።